ሦስት ቀዳዳ ስለ አንድ ጠመንጃ ምን ያህል ይናገራል?

ካሊፐር (አዳማ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ጥያቄዬ ስለ ጠመንጃ ቢሆንም ከመሣሪያው ይልቅ ወደ ልኬት ያደላል፤ ስለዚህ ጠመንጃ ነክታችሁ የማታውቁም ብትሆኑ በቁጥር ነገር የምትረዱኝ ካላችሁ ሐሳባችሁን እንድትሰጡኝ እለምናለሁ።

ታላቅ ወንድሜ የሚኖረው አሜሪካ፣ ዋዮሚንግ ግዛት ውስጥ ነው። በዚያ አካባቢ ከብት አርቢዎች በግጦሽ መሬታቸው ላይ ጉድጓድ እየማሱ የሚያስቸግሯቸውን፣ ፕሬይሪ ዶግ የሚባሉ እንስሳት ለመቀነስ አዳኞችን ያስገባሉ። እንስሳዋ የአይጥ ወገን ናት፤ ከእኛ ፍልፈል የምትለየው ቀን በጸሐይ ከጉድጓዷ አፍ ላይ ቀጥ ብላ ቆማ ስለምትታይ ነው። ቁመቷ ትንሽ፣ የሚተኮስባትም ከሩቅ በመሆኑ የዚህ አደን ወዳጆች ከምንም በላይ የሚጨነቁት ስለ ትክክለኛነት ነው። ወንድሜም በአገሩ ሕግ የተፈቀደ ስለሆነ የተተኮሰውን ቀለህ መልሶ እየሞላ የራሱን ጥይት በቤቱ ያዘጋጃል። ጠመንጃው .223 ሬሚንግተን የሚባለውን ጥይት አንድ በአንድ የሚጎርስ ሲሆን፣ የአፈሙዙ ውስጠኛ ጥምዝ (አረሩን የሚያሽከረክረው ቦይ) በ12 ኢንች አንድ ዙር የሚዞር ነው።

ባለፈው ሰሞን በስድስት ዓይነት የባሩድ መጠን ያዘጋጃቸውን ጥይቶች፣ ከእያንዳንዱ ዓይነት ሦስት ሦስት፣ በ100 ያርድ (91 ሜትር ገደማ) ርቀት ላይ ተኩሶ የዒላማውን ወረቀቶች ፎቶ ላከልኝ። እኔ በፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ሠራተኛ ስለሆንሁ መለካቱን ለእኔ ይተውልኛል። በጣም የተራራቁትን ሁለት ቀዳዳዎች ከማእከል እስከ ማእከል ስለካ ስድስቱ ወረቀቶች 26፣ 33፣ 14፣ 21፣ 29 እና 23 ሚሊሜትር ሰጡኝ። ወንድሜ ሦስተኛውን አይቶ "ተገኘ!" አለ፤ የፍጥነት መለኪያውም ለዚያው ዓይነት 2 ሜትር በሰከንድ ብቻ የሆነ መደበኛ ልይይት (ቁጥሮች ከአማካያቸው የሚበተኑበት መጠን) ስላሳየው ደስታው እጥፍ ሆነ። በማግስቱ ያንኑ ዓይነት ደግሞ ቢተኩስ ግን 27 ሚሊሜትር ወጣ።

አሁን እሱ ሚዛኑን ይጠረጥራል፣ ቀለሁን ይጠረጥራል፣ አዲስ ሚዛን ለመግዛትም አስቧል። እኔ የምጠረጥረው ሦስት ቀዳዳን ነው፤ ሆኖም በመሣሪያ ጉዳይ ታናሽ ወንድም ታላቁን ቢከራከር የሚሰማው የለም። ስለዚህ የሁላችሁን ሐሳብ እሻለሁ። በሦስት ጥይት አንዱን አዘገጃጀት ከሌላው አብልጦ መምረጥ ይቻላል ወይ? ካልተቻለስ፣ ትክክለኛነት የሚጎድለው ከጥይት አዘገጃጀቱ የትኛው ክፍል ላይ ነው? በተጨማሪም 69 ግሬን (4.5 ግራም ገደማ) የሚመዝን ከባድ አረር ሞክሮ ወረቀቱ ላይ የወጣው ቀዳዳ ክብ ሳይሆን ሞላላ ነበር፤ አረሩ በጎኑ የገባ ይመስላል። ምክንያቱን የምታውቁ ብታስረዱኝ።

ዘናዝሬት (ኮሎራዶ)

ወንድሜ ካሊፐር፣ ከተማችን ናዝሬት ስትባል ነው ከአገር የወጣሁት፤ ስሜም ከዚያ ቀርቷል። እኔም እንደ ወንድምህ ጥይቴን ራሴ የማዘጋጅ ሰው ስለሆንሁ በእጅ ሥራው በኩል ያለውን ልመልስልህ፤ የስታትስቲክሱን ጉዳይ የሚችል ሰው እንደሚመጣ ተስፋ አለኝ።

በመጀመሪያ ቀላሉን ላንሳ። ሞላላው ቀዳዳ የጥይቱ አዘገጃጀት ጥፋት አይደለም፤ ባሩዱን ቢያበዛም ቢያሳንስም አይድንም። አረር በአየር ውስጥ ቀጥ ብሎ የሚሄደው ስለሚሽከረከር ነው፤ ረጅም አረር ደግሞ ከአጭሩ ይልቅ ፈጣን ሽክርክሪት ይፈልጋል። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ግሪንሂል በ1879 ያወጣው ቀመር ዛሬም ለግምት ይበቃል፦ የአረሩን ዲያሜትር በራሱ አባዝተህ፣ ለፈጣን አረር በ180 አባዝተህ፣ ለአረሩ ርዝመት ብታካፍለው የሚፈለገውን የጥምዝ ርዝመት ታገኛለህ። የ.223 አረር ዲያሜትር 5.69 ሚሊሜትር ነው። ወደ 18.7 ሚሊሜትር የሚረዝም 55 ግሬን አረር በቀመሩ 312 ሚሊሜትር ያህል ይሰጣል፤ የወንድምህ አፈሙዝ በ305 ሚሊሜትር አንድ ዙር ስለሚዞር ይበቃዋል። የ69 ግሬኑ ርዝመት ግን ወደ 22.9 ሚሊሜትር ስለሚደርስ በ254 ሚሊሜትር፣ ማለትም በ10 ኢንች አንድ ዙር የሚዞር አፈሙዝ ይጠይቃል። ዋዮሚንግ ከፍተኛ ቦታ በመሆኑ አየሩ ሳስቶ ትንሽ ይረዳው ነበር፤ ያም አላዳነውም። ለዚህ ዓይነት አደን የተሠሩ የድሮ አፈሙዞች ጥምዛቸው የዘገየው ለቀላል አረር ታስበው ስለሆነ፣ ወንድምህ በ50 እና በ55 ግሬን ላይ ቢቆይ ጠመንጃው የተፈጠረበትን ሥራ ይሠራለታል።

ወደ አዘገጃጀቱ ስንመጣ፣ የዚህ ሥራ ምሥጢር አንድ ነው፤ እሱም አንዱን ጥይት ከሌላው ጋር አንድ ማድረግ ነው። ብዙ ሰው ጠመንጃው የሚወደውን አስማተኛ መጠን ሲፈልግ ይኖራል፤ እኔ በበኩሌ ከልኩ ይልቅ መመሳሰሉ የበለጠ ዋጋ አለው ከሚሉት ነኝ። ስለዚህ ወንድምህ በመጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ቀለሁ ከአንድ ፋብሪካ የመጣና እኩል ጊዜ የተተኮሰ መሆኑን ነው። በውጭ አንድ የሚመስሉ ቀለሆች የግድግዳቸው ውፍረት ይለያያል፤ ወፍራሙ ውስጡ ስለሚጠብ እዚያው የባሩድ መጠን ላይ ግፊቱ ከፍ ይላል። ከዚያ ቀጥሎ የቀለሁ አንገት አረሩን የሚይዝበት ጥብቀት ይመጣል፤ ደጋግሞ የተተኮሰ ነሐስ ስለሚደድር አንዱ አንገት ላላ፣ ሌላው ጠበቅ ይላል፤ ይህም በሙቀት አለስልሶ መመለስ የሚቻል ነገር ነው።

አረሩ ወደ ቀለሁ የሚገባበት ጥልቀት ሌላው ትልቅ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ አንድ የልኬት ሰው የሚወደው ነጥብ አለ፦ የጥይቱን ሙሉ ርዝመት ከታች እስከ አረሩ ሹል ጫፍ መለካት ያታልላል፤ ጫፉ በፋብሪካ ሲሠራ ከአረር አረር ይለያያልና። መለካት ያለበት አረሩ ሙሉ ውፍረቱን የሚይዝበት፣ የአፈሙዙን ጥምዝ መጀመሪያ የሚነካው ትከሻው ድረስ ነው፤ ለዚህ ካሊፐር በሚባለው የርዝመት መለኪያ መንጋጋ ላይ የሚገጠም ቀላል ዕቃ ይሸጣል። ይህን ርዝመት ግን እንደ ዘበት አያስረዝመው፤ አረሩ ገና ከመተኮሱ ጥምዙን ነክቶ ከተቀመጠ ግፊቱ ይጨምራል።

ስለ ሚዛኑ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ብዙም አልጨነቅም። 0.1 ግሬን ማለት 6.5 ሚሊግራም ነው፤ ለዚህ ጥይት ከሚገባው ባሩድ ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ፍጥነቱንም የሚለውጠው በጥቂት ሜትር በሰከንድ ነው። የኤሌክትሮኒክ ሚዛኑ ከመሥራቱ በፊት ሞቆ እስኪረጋ ይጠብቅ፣ ማራገቢያ ያጥፋ፣ በየመሃሉ በመፈተሻ ክብደት ይፈትሸው፤ ከዚህ በላይ አዲስ ሚዛን መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ይህ ጥይት በአሜሪካ ደረጃ የተፈቀደለት ከፍተኛ ግፊት 55,000 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች)፣ ማለትም ወደ 380 ሜጋ ፓስካል ገደማ ነው፤ ይህ ሁሉ ከተኳሹ ፊት ጥቂት ጣት ርቀት ላይ የሚሆን ነው። መጠኑን ከታተመ መመሪያ ዝቅተኛ ቁጥር እየጀመረ እንጂ ከጓደኛም ሆነ ከኢንተርኔት ወሬ እንዳይወስድ፤ ጠረጴዛው ላይም ከአንድ ዓይነት በላይ ባሩድ እንዳያስቀምጥ ንገረው።

መምህር ልይይት (አዳማ)

እንደምን ሰነበታችሁ። ጠመንጃ አላውቅም፤ ነገር ግን ስታትስቲክስ ስለማስተምር ካሊፐር የጠየቁት ነገር በቀጥታ የሥራዬ ነው። የሦስት ቀዳዳ ጥርጣሬዎ ትክክል ነው፤ ምክንያቱን በራስዎ ቁጥሮች ላሳይዎ።

የስድስቱ ወረቀቶች አማካይ 24.3 ሚሊሜትር ይሆናል። አሁን ለአፍታ ስድስቱ አዘገጃጀቶች ፈጽሞ አንድ ናቸው፣ ልዩነት የሚባል የላቸውም እንበል። የአረሮቹ መበተን ወደ ጎንም ወደ ላይና ወደ ታችም እኩል ከሆነና የተለመደውን የደወል ቅርጽ (አብዛኛው መሃል ላይ የሚከማችበትን ስርጭት) ከተከተለ፣ በሦስት ጥይት የሚገኘው ትልቁ ርቀት በአማካይ የአንድ አቅጣጫ መደበኛ ልይይት 2.4 እጥፍ ነው፤ ከወረቀት ወረቀትም በአማካዩ 37 በመቶ ያህል ይለዋወጣል። ማለትም አንድና ያው ጥይት ሦስት ሦስት እየተተኮሰ ወረቀቶቹ በ9 ሚሊሜትር ገደማ መደበኛ ልይይት ሊለያዩ ይገባል። የእርስዎ ስድስት ቁጥሮች መደበኛ ልይይት ስንት ነው? 6.6 ብቻ ነው። ስድስት የተለያዩ አዘገጃጀቶች የሰጡት ልዩነት አንድ አዘገጃጀት ለብቻው ይሰጥ ከነበረው ያነሰ ሆኖ ተገኘ! እንዲያውም ከስድስት ተመሳሳይ ሙከራዎች ትንሹ 13፣ ትልቁ 36 አካባቢ ይሆናል ብለን እንጠብቅ ነበር፤ የእርስዎ 14 እና 33 ናቸው። ከአንድ ድስት ስድስት ጭልፋ ወጥ ቢወጣ አንዱ ጭልፋ ሥጋ ይበዛበታል፤ ድስቱን ግን ስድስት አያደርገውም።

ስለዚህ ታላቅ ወንድምዎ "ተገኘ!" ያሉት 14 ሚሊሜትር ከስድስቱ ትንሹ በመሆኑ የተመረጠ ቁጥር ነው፤ ትንሹ ተብሎ የተመረጠ ቁጥር ሲደገም ወደ አማካዩ ይመለሳል፤ 27 መውጣቱም ይህንኑ ነው የሚያሳየው። በጥይቱ ላይ ከትናንት እስከ ዛሬ የተበላሸ ነገር የለም። እንዲህ ያለው መመለስ በፈተና ውጤት፣ በሰብል ምርት፣ በፋብሪካ ናሙና ሁሉ ይታያል፤ ሰው ግን ለእያንዳንዱ ምክንያት ሲፈልግለት ይኖራል።

እርስዎ በጥራት ቁጥጥር ሥራ ላይ ያሉ ስለሆኑ የሬንጅ (በትልቁና በትንሹ ልኬት መካከል ያለው ልዩነት) ሰንጠረዡን ያውቁታል። አሜሪካዊው የስታትስቲክስ ሊቅ ሸዋርት በ1924 የጥራት ቁጥጥር ቻርቱን ካስተዋወቀ ወዲህ ሬንጅን ወደ መደበኛ ልይይት የምንቀይርባቸው አካፋዮች ለሦስት ናሙና 1.693፣ ለአምስት 2.326፣ ለአሥር 3.078 መሆናቸውን በየፋብሪካው ግድግዳ ላይ እናያለን። የዒላማ ወረቀት ሬንጅ በሁለት አቅጣጫ የሚለካ በመሆኑ ቁጥሮቹ ከፍ ይላሉ፦ ለሦስት 2.41፣ ለአምስት 3.07፣ ለአሥር 3.81። በዚህም ምክንያት ያው ጠመንጃ፣ ያው ጥይት በሦስት ቢተኮስ 24 ሚሊሜትር፣ በአምስት 31፣ በአሥር 38 ያህል ይሰጣል። ሰው በሦስት ጥይት የተገኘ ወረቀቱን ኪሱ ይዞ የሚዞረው ለምን እንደሆነ ከዚህ ይገባናል።

የፍጥነት መለኪያው ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ከሦስት ጥይት የተሰላ መደበኛ ልይይት ሲታመን፣ የ95 በመቶ ወሰኑ ከተገኘው ቁጥር ግማሽ እስከ ስድስት እጥፍ የሚደርስ ነው። ወንድምዎ ያዩት 2 ሜትር በሰከንድ እውነተኛ ዋጋው 1 ሊሆን ይችላል፣ 12ም ሊሆን ይችላል። በአምስት ጥይት ወሰኑ ከ0.6 እስከ 2.9 እጥፍ ይጠብባል፤ በአሥር ከ0.7 እስከ 1.8፤ በሃያ ከ0.76 እስከ 1.46። በሃያ ጥይት እንኳ ክፍተቱ ይህን ያህል ከሆነ፣ በሦስት የሚነገረው ሁሉ ባዶ ወሬ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ ትልቁን ርቀት መለካት ይተዉት፤ እሱ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ነው የሚጠቀመው፣ ሌሎቹን ይጥላቸዋል። በምትኩ የሁሉንም ቀዳዳዎች መካከለኛ ነጥብ ፈልገው፣ እያንዳንዱ ከዚያ የሚርቅበትን ለክተው አማካዩን ይውሰዱ፤ እያንዳንዱ ጥይት የሚናገረው ነገር እንዲህ ሲሆን አይባክንም። ሁለተኛ፣ ስድስት ዓይነት በሦስት ከመተኮስ ሁለት ዓይነት በሃያ መተኮስ ይበልጣል፤ የባሩዱ ወጪ ቢከብድም ወንድምዎ ለማይጠቅም ሚዛን ሊያወጡት ካሰቡት አይበልጥም። ሃያው በአንድ ወረቀት ላይ መሆን የለበትም፤ አራት ጊዜ አምስት እየተኮሱ፣ የማነጣጠሪያውን ነጥብ ሳያንቀሳቅሱ ወረቀቶቹን አንዱን በአንዱ ላይ ደርቦ ማንበብ ይቻላል። ሦስተኛ፣ ሁለቱን ዓይነት እያፈራረቁ ይተኩሱ፤ አንዱ ጠዋት፣ ሌላው ከሰዓት ከሆነ የሚወዳደሩት ጥይቶቹ ሳይሆኑ ነፋሱና የአፈሙዙ ሙቀት ይሆናሉ።

ጡረተኛው ጠጋኝ (አዳማ)

መምህሩ ልኬቱን፣ የኮሎራዶው ወንድማችን ጥይቱን ተናግረዋል፤ የጠመንጃውን ነገር ግን ማንም አላነሳውም። በወታደር ቤት ለረጅም ዘመን መሣሪያ ስጠግን የኖርሁ ሰው በመሆኔ ዝም ማለት አልቻልሁም።

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ይህን የሚያነብ የአገር ውስጥ ወጣት እንዳይሳሳት ልንገረው፦ በእኛ አገር የመሣሪያ ነገር በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ ነው፤ ቀለህ ሰብስቦ በጓዳ ጥይት መሥራት የሚሞከር ነገር አይደለም። የምንነጋገረው በፈቃድና በሕግ በሚሠራበት አገር ስላለው ሰው ነው።

ልጄ ካሊፐር፣ መበተን የሚመጣው ከጥይት ብቻ እንዳይመስልህ። ወንድምህ መነጽሩን ከጠመንጃው ጋር ያያያዙትን ብሎኖች፣ ሰደፉን ከብረቱ ጋር ያሠሩትን ብሎኖች በጥብቀት መለኪያ ፈትሿል ወይ? አንዲት ብሎን ሩብ ዙር ብትላላ አረሩ የሚያርፍበት ይዘላል፤ ሰውየው ደግሞ ባሩድ ሲቀያይር ይከርማል። ከዚያ የአፈሙዙን ጫፍ በማጉያ መነጽር ይመልከተው። አረሩ ከአፈሙዙ ሲወጣ ጋዙ ዙሪያውን እኩል ሊለቀው ይገባል፤ ጫፉ ላይ በመጥረጊያ ዘንግ የተፋቀ አንድ ጎን ካለ ጋዙ በዚያ በኩል ቀድሞ ያመልጥና አረሩን ከጀርባው ይገፋዋል። ይህን ጉዳት ብዙ ጊዜ የሚያደርሰው መተኮስ አይደለም፤ ያለ መምሪያ የሚገባ የማጽጃ ዘንግ ነው።

እንዲህ ያለው አደን ብዙ ስለሚያስተኩስ አፈሙዙ ይሞቃል። የሞቀ አፈሙዝ ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ከላዩ የሚነሳው ትኩስ አየር በመነጽሩ ፊት እየተርገበገበ ዒላማውን ያንቀሳቅሰዋል፣ በውስጡ ተቀምጦ የቆየውን ጥይትም ያሞቃል። የሞቀ ባሩድ ፈጥኖ ይነዳል፤ ግፊቱም ፍጥነቱም ይጨምራል። ስለዚህ ጥይቱን አጉርሶ ሳይተኩስ ረጅም ጊዜ አያቆየው፤ ሣጥኑንም በጸሐይ ላይ አይተወው።

ትልቁ ጉዳይ ግን ነፋስ ነው። አዳማ የምንኖር ሰዎች ነፋስ ምን እንደሆነ አንነገርም፤ ከከተማው በላይ 51 እና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩት ተርባይኖች የተተከሉት በከንቱ አይደለም። ወንድምህ ያለበትም ሜዳ በነፋስ የታወቀ ነው። ተኳሹ ባለበት ቦታ ጸጥ ብሎ፣ ዒላማው ጋ ሣሩ ተኝቶ ታገኘዋለህ፤ ኮረብታው ላይ የሚዞረው ተርባይን ከሥሩ ያለውን ሸለቆ ነፋስ እንደማይነግርህ ሁሉ፣ ፊትህን የሚዳስሰው አየር የመንገዱን ነፋስ አይነግርህም። በየርቀቱ ላይ ቀጭን ጨርቅ በችካል ላይ አስሮ ማቆም ከብዙ ውድ መሣሪያ ይሻላል።

ካሊፐር (አዳማ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የብሎኖቹን ነገር ለወንድሜ አንብቤለት አንዱ የሰደፍ ብሎን በእርግጥ ከታዘዘው ጥብቀት ያነሰ ሆኖ አግኝቶት አስተካክሎታል። ከዚያም በመምህሩ ምክር መሠረት የመጀመሪያውን "አሸናፊ" እና 29 ሚሊሜትር የሰጠውን "ተሸናፊ" እያፈራረቀ ከእያንዳንዱ ሃያ ሃያ ተኩሷል። ከመካከለኛው ነጥብ ያላቸውን አማካይ ርቀት ስለካ አሸናፊው 12.4 ሚሊሜትር፣ ተሸናፊው 11.6 ሚሊሜትር ሰጡኝ። ወንድሜ "እንግዲህ ተሸናፊው ይሻላል ማለት ነው?" ብሎ ጠየቀኝ።

ሁለት ነገር ልጠይቃችሁ። ይህ ልዩነት ልዩነት ነው ወይ? ደግሞስ የፍጥነቱ መለያየት በ91 ሜትር ካልታየ፣ እሱ በሚያድንበት በ200 እና በ300 ያርድ ምን ያህል ይጎዳዋል?

መምህር ልይይት (አዳማ)

የመጀመሪያው አጭር ነው፦ ልዩነት አይደለም። በሃያ ጥይት የተገኘ አማካይ ርቀት በ12 በመቶ ገደማ ይዋዥቃል፤ የሁለቱ ሲነጻጸር ደግሞ ልዩነቱ ራሱ በ17 በመቶ ያህል ይዋዥቃል። እርስዎ ያገኙት 7 በመቶ እንኳ አይሞላም። ሁለቱ አዘገጃጀቶች በዚህ ጠመንጃ ላይ አንድ ናቸው ብለው ቢሠሩ የሚያጡት ነገር የለም።

ሁለተኛውን በስሌት እንየው፤ ዘናዝሬት ከተሳሳትሁ ያርሙኝ። 55 ግሬን አረር ከአፈሙዙ ሲወጣ ወደ 988 ሜትር በሰከንድ ይጓዛል እንበል። 91 ሜትር ለመድረስ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ያነሰ ይፈጅበታል፤ በዚህ ጊዜ የሚወድቀው ከ5 ሴንቲሜትር ያንሳል። ፍጥነቱ በአንድ በመቶ ቢለያይ ውድቀቱ በሁለት በመቶ ይለያያል፤ ይህ ደግሞ አንድ ሚሊሜትር አይሞላም፤ ወረቀቱ ላይ ፈጽሞ አይታይም። በ300 ያርድ ያው አንድ በመቶ ወደ 1 ሴንቲሜትር ያድጋል። ወንድምዎ ፍጥነትን ማመሳሰል ከፈለጉ ፍሬውን የሚያዩት በሩቁ እንጂ በቅርቡ አይደለም።

የራሱን የመበተን መጠን እንጨምርበት። ከወረቀቶቹ የተገኘው የአንድ አቅጣጫ መደበኛ ልይይት 10 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ በ200 ያርድ 20፣ በ300 ያርድ 30 ይሆናል። እንስሳዋን 9 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ብናደርጋት፣ ነፋስ በሌለበት በ200 ያርድ ከመቶ 92 ጊዜ፣ በ300 ያርድ 67 ጊዜ ያህል ይመታታል።

ዘናዝሬት (ኮሎራዶ)

ስሌቱ ልክ ነው፤ እኔ የምጨምረው ጋሼ ያነሱትን ነፋስ ብቻ ነው። ነፋስ አረሩን የሚገፋው በጉዞው ጊዜ ሙሉ ልክ ሳይሆን፣ አየር ስላዘገየው በተጨመረው ጊዜ ልክ ነው፤ ያን ተጨማሪ ጊዜ በጎን ነፋሱ ፍጥነት ስታባዛው የገፋውን ርቀት ታገኛለህ። ለዚህ አረር በ200 ያርድ ተጨማሪው ጊዜ ወደ 0.027 ሰከንድ፣ በ300 ያርድ ወደ 0.066 ሰከንድ ነው። የነፋሱን ግምት በሴኮንድ አንድ ሜትር ብቻ ብትስት በ200 ያርድ 2.7 ሴንቲሜትር፣ በ300 ያርድ 6.6 ሴንቲሜትር ትርቃለህ። መምህሩ የሳሉት ክብ ከመሃሉ እስከ ዳሩ 4.5 ሴንቲሜትር ነው፤ እንግዲህ በ300 ያርድ ያቺ አንድ ሜትር ብቻዋን አረሩን ከክቡ ታስወጣዋለች፤ የትኛውንም ያህል ባሩድ ብትመዝን።

በእኔ አስተያየት ወንድምህ ከሁለቱ አዘገጃጀቶች ዝቅተኛ ግፊት ያለውን ይምረጥ፤ ቀለሁ ይቆይለታል፣ በሞቃት ቀንም የደኅንነት ህዳግ ይተርፈዋል። ለሚዛን የያዘውን ገንዘብ ጥይት ይግዛበትና በነፋስ ቀን በ200 ያርድ ይለማመድ፤ ከእያንዳንዱ ተኩስ በፊት የገመተውን የነፋስ ፍጥነት ይጻፍ፣ በኋላም አረሩ ካረፈበት ጋር ያመሳክረው። ወረቀቶቹን ለአንተ ከላከልህ ግምቱ ወደ የትኛው ወገን እንደሚያዘነብል በአንድ ወር ውስጥ ልትነግረው ትችላለህ።

ካሊፐር (አዳማ)

ተስማምቷል። ዝቅተኛውን መጠን ይዟል፤ የ69 ግሬኑን ቀሪ አረሮችም በ8 ኢንች የሚዞር አፈሙዝ ላለው ጎረቤቱ ሰጥቶታል። የነፋሱን ሰንጠረዥ እኔ አዘጋጅቼ ልኬለታለሁ፤ የመጀመሪያዎቹ ወረቀቶች ሲደርሱኝ ቁጥሮቹን እዚሁ አሰፍራለሁ።